ጭኮ በሰሃራ

ሩቅ አገር ሄዶ በየቀኑ ማራቶን የሚያህል መንገድ ለመሮጥ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ጫማው ይመስላችሁ ይሆናል። እኔ ያሰብኩት ስለ ስንቅ ነው። ሞሮኮ ውስጥ ማራቶን ደ ሳብል የሚባል የበረሃ ሩጫ አለ፤ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ በሳምንት ውስጥ ከፋፍለው ያስሮጣሉ። አዘጋጆቹ የሚሰጡት ውሃና ድንኳን ነው። ሌላውን ሁሉ፣ የሳምንቱን ምግብ፣ መኝታውን፣ የግንባር መብራቱን፣ ኮምፓሱን፣ ፊሽካውን፣ የእባብና የጊንጥ መርዝ መሳቢያውን ሳይቀር ሯጩ በጀርባው ተሸክሞ ይሮጣል። በደንቡ መሠረት በቀን ቢያንስ 2,000 ካሎሪ የሚሰጥ ምግብ ያልያዘ ሰው ቅጣት ይጠብቀዋል። የሻንጣው ክብደት ደግሞ ውሃው ሳይቆጠር ከ6.5 ኪሎ አያንስም፣ ከ15 ኪሎም አይበልጥም። ስለዚህ ጭንቁ ክብደቱ ትንሽ፣ ጉልበቱ ብዙ የሆነ ምግብ ማግኘት ነው። እኔ በምኖርበት በለንደን ለዚሁ ተብሎ በከረጢት የታሸገ የደረቀ ምግብ ይሸጣል። ዋጋውን አይቼ፣ ጣዕሙንም ቀምሼ፣ ድሬዳዋ እናቴ ዘንድ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ጭኮ ላኪልኝ።»

«ምነው ልጄ፣ እንግዳ አለብሽ?»

«የለብኝም። በረሃ ልሮጥ ነው።»

ትንሽ ዝም አለችና «ማን እያሳደደሽ?» አለችኝ።

ብዙ ሰው ይህን ስነግረው ይስቃል። እናቴ ግን ከልቧ ነበር የጠየቀችኝ። እኛ ሰፈር በረሃን በእግር ማቋረጥ ስፖርት ሆኖ አያውቅም። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በጀልባ ወደ የመን የወጡትን ልጆች እናቶቻቸው እያለቀሱ ሸኝተዋል፤ ሳይሸኙ በጠዋት ባዶ ፍራሽ ያገኙም አሉ። በሱዳን ዞረው በሰሃራ ወደ ሊቢያ የገቡ አሉ። ከእነሱ መካከል አብሮኝ የተማረ ልጅ ነበር፤ ዛሬም ድረስ አልደወለም። ያ ልጅ ለደላላ ገንዘብ ከፍሎ የገባበትን ሰሃራ እኔ ሐኪምና ሄሊኮፕተር ከኋላዬ አሰልፌ ልሮጥበት ስከፍል የተሰማኝን ነገር እስከ ዛሬ ልክ በሆነ ቃል መናገር አልቻልኩም። ላለመሄድ ያሰብኩባቸው ምሽቶች ነበሩ። የሄድኩት፣ በዚያ መሬት ላይ ሰው በሰው እንዴት እንደሚጠበቅ ማየት ስለፈለግሁ ነው።

ጭኮው በዘመድ እጅ መጣ። እናቴ የገብሱን በሶ በራሷ እጅ ቆልታ አስፈጭታ፣ ኮረሪማ በገባበት ንጥር ቅቤ አሽታ አጠንክራዋለች። ልምድ ያላቸው ሯጮች ጫማና ስንቅ ከእጅ አይለይም ይላሉ፤ ሻንጣ ከጠፋ ሩጫው ጠፋ ማለት ነውና። እኔም ከእጄ አልለየሁትም፤ አውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻው ላይ ግን ተያዘብኝ። ያኔ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ፈሳሽና ቅባት ወደ አውሮፕላን አይገባም ነበር። ጭኮ ደረቅ ነው ወይስ ቅባት? ፈታሹ አለቃውን ጠራ፣ አለቃው ሌላ አለቃ ጠራ። አንዷ በጓንቷ ተጫነችው። ጠዋቱ ብርዳም ስለነበር ቅቤው ረግቷል፤ ድንጋይ ሆኖ ቆያት። «ደረቅ ነው» አለችና ለቀቀችኝ። ከሰዓት በኋላ በረራ ቢሆን ኖሮ የእናቴ ድካም እዚያው ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ይቀር ነበር።

ዋርዛዛት ደርሰን በአውቶቡስ ብዙ ሰዓት ከተጓዝን በኋላ ሰፈሩ ተገኘ። ድንኳኑ ጎኑ የተከፈተ፣ በእንጨት የተደገፈ ጥቁር የበርበሮች ድንኳን ነው፤ ስምንት ሰው ይተኛበታል። በማግስቱ የዕቃ ምርመራ ሆነ። ከየምግቡ ላይ ካሎሪው ተጽፎ መታየት አለበት። የሌሎቹ ፋብሪካ ያተመው ነው። የእኔ ላይ ያለው በእስክሪብቶ የጻፍኩት ነው፦ ገብስ ይህን ያህል ግራም፣ ቅቤ ይህን ያህል ግራም፣ ድምሩ ይህን ያህል። መርማሪው ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። ነርስ መሆኔን፣ ለበሽተኛ ምግብ ማስላት የሥራዬ አካል መሆኑን አስረዳሁት። ሚዛን አመጣ። መዘነና አንድ ግራም ቅቤ ወደ ዘጠኝ ካሎሪ እንደሚሰጥ ራሱ አስልቶ አረጋገጠ። ከዚያ ጫፉን ቆረሰና ቀመሰ። ፈረመ። ከእኔ ኋላ የቆመው ሰው ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ የእኛ ገበሬና ነጋዴ ረጅም መንገድ ሲወጣ የሚይዘው ስንቅ መሆኑን ነገርኩት። እንዲያ ስናገር ኮራሁ፤ መኩራትም ይገባኝ ነበር።

ኩራቱ የቆየው ፀሐይ እስክትበረታ ነው። በሰሃራ ቀትር ላይ ቅቤ አይረጋም። የመጀመሪያውን ቀን ሩጫ ጨርሼ ሻንጣዬን ስከፍት ቅቤው ከበሶው ተለይቶ፣ ከረጢቱን አልፎ፣ የመኝታ ከረጢቴን፣ መለወጫ ካልሲዬን፣ የሕክምና ወረቀቴን ሁሉ አጥምቆታል። ድንኳኑ በኮረሪማ ሽታ አወደ። ከጎኔ የሚተኛው ጀርመናዊ መምህር ሻንጣውን ወደ ነፋሱ በኩል አዞረ። ከዚያ አሸዋው መጣ። በቅቤ የራሰ ጨርቅ ላይ አሸዋ ሲነፍስበት የሚሆነውን ያየ ያውቀዋል፤ አይራገፍም፣ አይታጠብም፤ ውሃው በልክ ነው፣ ለጨርቅ የሚተርፍ የለም። ያን ሌሊት የተኛሁት በቅቤና በአሸዋ ተለብጬ ነው። በረሃው ቀን እንደሚያቃጥል ሌሊት ደግሞ ይበርዳል፤ ያ የራሰ ጨርቅ ሲቀዘቅዝ ቅቤው እንደገና ረጋና እንደ ቆዳ ደረቀ።

አንድ ማራቶን መሮጥና በማግስቱ ሌላ መሮጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱን የጨረሰ ሰው ይተኛል፣ ይበላል፣ ለሳምንት ደረጃ ሲወርድ ያቃስታል። እዚህ ግን ጡንቻው ገና ሳይጠገን፣ በጉበትና በጡንቻ የተከማቸው ስኳር ገና ሳይሞላ ይነጋል። እግር ስለሚያብጥ ጫማ ሲገዛ ከልኩ ሰፋ ተደርጎ ነው። ጫማን እስከ ቁርጭምጭሚት ሸፍኖ አሸዋ የሚከለክል ጨርቅ ይሰፋበታል፤ የእኔን የሰፋው ሰው በክር ፈንታ ማስቲሽ አብዝቶበት ነበርና በሁለተኛው ቀን ሙቀቱ ፈታው። አሸዋው ገባ። ተረከዜ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ከሥሩ ሌላ ቋጠረ። የሐኪሞቹ ድንኳን ደጃፍ ላይ በየማታው ረጅም ሰልፍ ይሠራል፤ ሰው ሁሉ በባዶ እግሩ፣ በተረከዙ እየተራመደ ይጠብቃል። እኔ የሰው ቁስል ሳጥብ ነው የኖርኩት። አንድ ወጣት ሐኪም መሬት ላይ ተንበርክኮ እግሬን በሁለት እጁ ሲይዝ ግን ሥራዬ ምን እንደሆነ ከሌላው ወገን አየሁት። ጨው እየወሰድኩ እንደሆነ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ትክክል ነው። ሰው በረሃ ላይ የሚሞተው በጥም ብቻ አይደለም፤ በላብ የወጣውን ጨው ሳይተካ ውሃ ብቻ የሚያበዛም በደሙ ያለው ሶዲየም ይወርድና አንጎሉ ያብጣል።

ይህን ሩጫ የጀመረው ፓትሪክ ባወር የሚባል ፈረንሳዊ ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. የአልጄሪያን ሰሃራ ለብቻው በእግሩ ተጓዘ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1986፣ 23 ሯጮች ይዞ ሞሮኮ ውስጥ የመጀመሪያውን ውድድር አደረገ። ዛሬ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ይሮጣል። የአገሬው ልጅ ላህሰን አሃንሳል 10 ጊዜ አሸንፎታል። በድንኳኑ ውስጥ የሚወራው ግን ስለ አሸናፊ አይደለም፣ ስለ ማውሮ ፕሮስፔሪ ነው። ይህ ጣሊያናዊ ፖሊስ በ1994 የአሸዋ ማዕበል መንገድ አሳተው። ከሳምንት በላይ ጠፍቶ፣ ሽንቱን ጠጥቶ፣ በአንድ ባዶ የመቃብር ቤት ውስጥ የሌሊት ወፍ ይዞ ደሙን መጥጦ፣ በመጨረሻ አልጄሪያ ውስጥ በዘላን ቤተሰብ እጅ ተረፈ። ነፋስ ድንኳናችንን በላያችን ላይ የጣለበት ሌሊት፣ ስምንታችንም ሸራውን በእጃችን ይዘን ተቀምጠን እስኪነጋ ያወራነው እሱን ነበር። እኔ ግን ስለ ሌላ ሰው ነበር የማስበው።

በዚያው ሌሊት ጀርመናዊው መምህር ከጭኮው ትንሽ እቆርስለት እንደሆነ ጠየቀኝ። ጣፋጩ ጄልና ብስኩት ለሁሉም ሰው አልወርድ ብሎት ነበር። አሸዋ የገባበት መሆኑን ነገርኩት። «ሁሉም ነገር አሸዋ ገብቶበታል» አለና በላ። ቀጥሎ ሌላዋ እጇን ዘረጋች። ለሁሉም ደረሳቸው፤ ለእኔም እስከ መጨረሻው በቃኝ።

ረጅሙ ቀን 80 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ቀንና ሌሊት አይለይም። በሩጫው ጅራት ላይ ሁለት ግመሎች ከነጎታቾቻቸው ይመጣሉ። ግመሎቹ ቀድመውት ከውሃ ጣቢያ የወጡበት ሯጭ ከውድድሩ ይወጣል። ጨለማ ከያዘ በኋላ አንድ ጣቢያ ላይ ተቀምጬ እግሬን ስጠቀልል ግመሎቹ ደረሱ። ጎታቹ ሸምገል ያለ ሰው ነው። ከየመን ነጋዴዎች ሱቅ በለቀምኳት የድሬዳዋ አረብኛዬ ሰላም አልኩት፤ ከየት እንደሆንኩ ጠየቀኝ።

«ከሐበሻ አገር።»

«አበበ!» አለ ወዲያው። ቀጥሎም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ራዲ!» አለኝ።

ይህን ያህል ሮጬ፣ ይህን ያህል ደክሜ፣ እነዚያን ስሞች ከአንድ የግመል ጎታች አፍ መስማት አስለቀሰኝ። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ እስከ መጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ጎን ለጎን አብሮት የሮጠው ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ነበር። አበበ የሚጠብቀው ራዲ 26 ቁጥር ለብሶ እንዲመጣ ነበር፤ ራዲ ግን የለበሰው 185 ነበርና ከጎኑ ያለው እሱ መሆኑን ሳያውቅ ከፊት ሲፈልገው ሮጠ። ከአክሱም ሐውልት አጠገብ ትቶት ሄደ። አበበ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ፤ ራዲ 25 ሰከንድ ብቻ ዘግይቶ። እኛ አበበን እናውቃለን፤ የራዲን ስም ከመቶ ኢትዮጵያዊ ስንቱ ይጠራል? ይህ ሰው ግን የእኛንም የእሱንም አንድ ላይ ይዞ ኖሯል። ግመሉን መሬት ላይ አንበረከከና «እግርሽን ጨርሺ፣ አልቸኩልም» አለኝ። ከእሱ ቀድሜ ወጣሁ።

ሌሊቱን በሙሉ ከፊቴ በሚሄዱት ሰዎች ጀርባ ላይ የታሰረችውን ትንሽ መብራት እያየሁ ተራመድኩ። የምሮጠው ሲቻለኝ ነበር። ሲነጋ ገባሁ። ስለዚህ ብዙ የምለው የለኝም፤ ጫማዬን ማውለቅ ስላልቻልኩ ጀርመናዊው በመቀስ ቆረጠልኝ።

የምለው ስለ ከሰዓት በኋላው ነው። ቀትር አልፎ፣ ሁሉም ሰው በጥላ ውስጥ በደከመበት ሰዓት «የመጨረሻዋ እየመጣች ነው» ተባለ። ሰፈሩ በሙሉ ተነሳ። እግሩ የታሸገው፣ ቀድሞ ገብቶ ሌሊቱን የተኛው፣ አብሳዩ፣ ሾፌሩ፣ ሐኪሙ፣ ሁሉም ወደ መጨረሻው መስመር ወጣ። ግራና ቀኝ ተሰለፍን። ዕድሜዋ የገፋ ሴት ናት፤ ግመሎቹ ከኋላዋ ናቸው። ከአንድ ቀን በላይ በእግሯ ስትሄድ ቆይታለች። ያን ያህል ጭብጨባ ለአሸናፊው አልተጨበጨበለትም። ይህ በዚያ ሩጫ የቆየ ልማድ ነው፤ የረጅሙን ቀን የመጨረሻ ሯጭ ሰፈሩ በሙሉ ቆሞ ይቀበላል።

እኛ የአበበ፣ የማሞ፣ የደራርቱና የኃይሌ አገር ልጆች ነን። ሩጫ ስንል ወርቅ ማለታችን ነው፤ ስድስተኛ የወጣውን እንኳ ስሙን አንጠይቅም። ለንደን ውስጥ ማራቶን እንደምሮጥ የሰማ ሐበሻ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስንተኛ እንደወጣሁ ነው። ጥያቄው ከፍቅር የመጣ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ያደክማል፣ ከሩጫም ብዙ ሰው አርቋል። ታላቁ ሩጫ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ እናትንና ልጅን፣ ወፍራሙንና ቀጭኑን አብሮ ሲያስሮጥ አንድ ትልቅ በር ከፍቷል። አሁን የቀረው የእኛ የተመልካቾቹ ድርሻ ነው። በሚቀጥለው ኅዳር መስቀል አደባባይ አካባቢ ከሆናችሁ፣ አሸናፊዎቹ ገቡ ብላችሁ ወደ ቤታችሁ አትመለሱ። ቡናችሁን በፔርሙስ ያዙና የመጨረሻዋ ሴት እስክትገባ ቁሙላት፤ አጨብጭቡላት፣ ስሟንም ጠይቁ።