«ሞተሩ አልተነካም»

በደብረ ማርቆስ ያገለገለ ባጃጅ የሚሸጥ ሰው ሁለት ነገር ይዞ ይቀርባል፦ ሊብሬውንና «ሞተሩ አልተነካም» የምትለዋን ቃል። ሊብሬው አንዳንዴ ቤት ሊረሳ ይችላል፤ ቃሏ ግን ከቶ አትረሳም።

ገዢው ያንን ያልተነካ ሞተር ሲያስፈታ ቴስታታው ዙሪያ ሲሊኮን እንደ ጭቃ ቤት ልስን ተለጥፎ ያገኛል። ጓርኒሲዮኑ ከካርቶን የተቆረጠ ነው፤ ጥርሱ ያለቀው ብሎን በሽቦ ታስሯል። የተረፈው ሲሊኮን ወደ ውስጥ ገብቶ የዘይቱን መተላለፊያ ዘግቷል።

የብዙው ጣጣ መነሻ ከፍታው ነው። ደብረ ማርቆስ፣ የጥንቷ መንቆረር፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ትበልጣለች፤ አየሩም ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ይሳሳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ሲደርስ ነዳጅ ያበዛል፤ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ካርቡራቶሩን ማስተካከል ይበቃ ነበር። የቀድሞው ባለቤት ግን ፒስተኑን አስፈትቶ ፋሻ ያስቀይራል፤ ወዳጁም ፋሻውን ገልብጦ ይገጥምለታል። አሁን ጭሱ ሰማያዊ ሆነ፤ ዘይት እየነደደ ነው ማለት ነው። ለዚህም መድኃኒት አለ፦ ወፍራም ዘይት ሞልቶ ገዢ እስኪመጣ መጸለይ።

የህንዱ ባጃጅ ኩባንያ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጣልያኑ ፒያጆ ፈቃድ የቬስፓ ስኩተር ያመርት ነበር። ሁለቱም የማያውቁት ሦስተኛ ፋብሪካ የቀድሞው ባለቤት ጓሮ ነው።

ለመግዛት ያሰበ ማልዶ ይሂድ፤ ሞተሩ ሳይነሳ በእጁ ይዳስሰው። በጠዋቱ ሞቆ ካገኘው፣ ሻጩ ቀድሞት ተነስቷል።