የእግር ወለምታስ በቅቤ ይታሻል?

እግሬን ወለም ካለኝ እነሆ 23 ቀኔ። ሕመሙን ለምጄዋለሁ፤ ያልለመድኩት ጥያቄውን ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የሚያነክስ ሰው ሦስት ጥያቄ ሳይመልስ ዳቦ ገዝቶ አይመለስም፦ «ምን ሆነህ ነው?»፣ «የት?»፣ «ታሸህ?»። ሁለቱን እንደምንም እወጣቸዋለሁ። «አልታሸሁም» ስል ግን ልጁን ክርስትና ሳያስነሳ ዓመት እንዳለፈው አባት ያዩኛል።

ለመጀመሪያው ጥያቄ «ወለምታ ነው» ብዬ ስመልስ ፊታቸው ላይ የምታልፈውን ቅሬታማ አታንሱብኝ። «እኔ ደግሞ ስብራት መስሎኝ!» ስብራት ወግ አለው። ጀሶ አለው፤ ብርቱካን ተይዞ ይጠየቃል፤ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ያሰጣል። ለወለምታ የሚያዝንለት የለም፤ የሚያዝዝለት ግን ሞልቷል።

«የት?» የሚለው የባሰ ነው። ቅዳሜ አንኮበር ነበርኩ። ከጎረቤላ ተነስቼ የምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበትን ኮረብታ ወጥቻለሁ፤ አፋፉ ላይ ቆሜ የአፋርን ቆላ ቁልቁል አይቻለሁ፤ ጠጠር በጠጠር የሆነውን ቁልቁለት እየሮጥኩ ወርጃለሁ። ምንም አልሆንኩም። እሑድ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ለልምምድ ስወጣ፣ ከገዛ በሬ ዐሥር እርምጃ ሳልርቅ፣ አንድ ድንጋዩ የወለቀ ኮብልስቶን እግሬን አጠፈው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከሰማይ ብርሃን ሲወርድ አይተው ቆረቆሯት በምትባል ከተማ፣ እኔ የወደቅኩት መብራት በጠፋበት ቅያስ ነው። አንኮበር ብወድቅ ታሪክ ነበር፤ በር ላይ መውደቅ ምን ተብሎ ይወራል?

አንድ ጎረቤታችን ጋሼ ሊያጽናኑኝ መጡና ከአበበ ቢቂላ ጀመሩ። አበበ ከዚህ ብዙም በማይርቀው ጃቶ የተወለደ ስለሆነ፣ እኛ ዘንድ ያለ እሱ ስለ እግር አይወራም። «ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ሮም፣ 42 ኪሎ ሜትር በባዶ እግሩ! አንተ ትራስ የሚያህል ጫማ አድርገህ...» ቀጥለው ያችን የታወቀች ወሬ አነሱ፤ አበበ ሮም የሄደው ዋሚ ቢራቱ ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ ስለተጎዳ ነው የምትባለዋን። «አይደለም፣ ሌላ ሕመም ነው» የሚሉም አሉ። እኔ ግን ከሰሞኑ ከቁርጭምጭሚቱ ወገን ሆኛለሁ። ሆኖም የኔ ቁርጭምጭሚት ተተኪ እንኳ አልጠየቀም። ስለማመድለት የነበረው ሩጫ ያለ እኔ ምንም ሳይጎድልበት ተካሄደ።

ጤና ጣቢያ ያገኘሁት ወጣት ሐኪም አጥንቱን ጫን ጫን አድርጎ ነካካና «አራት እርምጃ ተራመድ» አለኝ። እያቃሰትኩ ተራመድኩ። ይህች አራት እርምጃ በ1992 እ.ኤ.አ. ካናዳ ኦታዋ ውስጥ የወጣ መመዘኛ ናት፤ ከተራመድክና አጥንቱ ሲነካ ካላመመህ ራጅ መነሳት አያስፈልግህም። «ውጪ በኩል ያለው ጅማት ተለጥጧል» አለኝ። «ለጥቂት ቀን እንዳትታሽ። ከፍ አድርገህ አስቀምጠው፤ በረዶ ያዝበት።»

በረዶ! 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በኅዳር ውርጭ፣ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ በምትታወቅ ከተማ በረዶ እንደ መድኃኒት ሲታዘዝ አስቡት። አማቴ ሲሰሙ አማተቡ። «ብርድ ገብቶት አብጦ ሳለ ጭራሽ በረዶ?» አሉና የመንዝ ባናቸውን አምጥተው እግሬን እንደ አራስ ልጅ ጠቀለሉት። የሚገርመው፣ በ1978 እ.ኤ.አ. «ዕረፍት፣ በረዶ፣ ማሰር፣ ከፍ ማድረግ» የሚለውን ቀመር ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን፣ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ «በረዶው ማገገምን ሳያዘገይ አይቀርም» ሲል ሐሳቡን ቀይሯል። ይህን ለአማቴ አልነገርኳቸውም፤ አልነግራቸውምም።

ሰው ሁሉ «ታሽ» ማለቱን ሳስበው ሳስበው ጥፋቱ የተረቱ ነው። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» እንላለን። አባቶቻችን ሊመክሩ የተነሡት ስለ አፍ ነበር፤ እግርን የጠሩት ለማወዳደሪያ ነው። በዚያው ግን የእግርን ሕክምና አጽድቀው አለፉ። እግር ቃሉን ሳይሰጥ ተፈረደበት፤ ይግባኝም የለው። ፍርዱ ደግሞ ዝርዝር የለውም። ቅቤው ለጋ ነው በሳል? የሚታሸው ወደ ላይ ነው ወደ ታች? ስንት ቀን? «ለጋ ነው» የሚሉ አሉ፤ «ለጋማ ለራስ ነው፣ ለጅማት የከረመ ነው» የሚሉም አሉ። በአንድ ቡና ላይ ሁለቱ ወገኖች እግሬን ረስተው በቅቤ ሊጣሉ ደርሰው ነበር። አንዷ ጨው ጣል ይደረግበት ስትል ሌላዋ ጨው ያቃጥላል ብላ ተቃወመች። እኔ ኮረሪማም ይግባበት ብል የሳቀልኝ የለም። በመጨረሻ ባለቤቴን ለበዓል ያስቀመጠችውን ጣሳ ጠየቋት። «ዶሮውስ?» አለች። በዚያ ቀን ቤታችን ውስጥ የተነገረ ብቸኛው የአስተዋይ ቃል ይህ ነው። እንደኔ ተረቱ ይታደስ፦ በዛሬው የቅቤ ዋጋ የአፍም የእግርም ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ቋንቋውም ከ«ታሽ» ባዮቹ ጋር አብሯል። ስታዲየም ውስጥ ተጫዋች ሲወድቅ ሣጥን ይዞ የሚሮጠው ባለሙያ ወጌሻ ይባላል፤ ሰፈር ውስጥ እግር የሚያሹት አባትም ወጌሻ ናቸው። ስለዚህ «ወጌሻ ጋ አልሄድኩም» ስል «ሕክምና እምቢ ብያለሁ» ተብሎ ይተረጎማል። ባለፈው ማክሰኞ ባጃጅ ውስጥ አንድ የማላውቀው ሰው «እስቲ ልየው» ብሎ እግሬን አፈፍ አድርጎ ጎተተው። ባጃጁ በሙሉ «ጠቅ አለ! ገባ!» አለ። ምን ወጥቶ ነው የሚገባው?

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅርብኝ። እኔ ጎልማሳ ነኝ፤ ሲጎትቱኝ እጮሃለሁ። ግን በዚሁ «እስቲ ልየው» የተሰበረ ክንዱ በቀርከሃ ተጠፍሮ፣ ደም ሳይደርሰው ቀርቶ፣ ጣቱ ጠቁሮ ሆስፒታል ሲደርስ ከመቆረጥ ሌላ መላ የሚያጣ ልጅ ለአገራችን ሐኪሞች እንግዳ አይደለም። ሕፃኑ ሌሊቱን ሲያለቅስ «ታሥሮ ነዋ፣ ይችላታል» ይባላል። ጣት ሲደነዝዝ፣ ሲቀዘቅዝ፣ ሲጠቁር ማሰሪያ ይፈታል፤ ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም! የሰው አካል የሰፈር መለማመጃ አይደለም!

ያም ሆኖ የባጃጁ ሰውዬ ክፋት የለበትም። አብሮኝ ወርዶ፣ በትከሻው ደግፎ እስከ በሬ አድርሶኛል፤ ሒሳቤንም ከፍሎልኛል። እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት አድርገው ይቆጡታል?

አሁን የታዘዝኩት በአንድ እግር መቆም ነው። ጅማቱ ቢድንም እግር ሚዛኑን ይረሳል አሉ፤ ካላስታወሱት መልሶ ይታጠፋል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ጥርሴን እየቦረሽኩ ግቢ ውስጥ በቀኝ እግሬ ብቻ እቆማለሁ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የዚሁ የቡልጋ ተወላጅ ናቸው፤ ገድላቸው እንደሚለው በአንድ እግራቸው ሰባት ዓመት ቆመው ጸልየዋል። እኔ 11 ሰከንድ ላይ ግድግዳ እይዛለሁ። አማቴ አይተውኝ ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «እንዲያ ከሆነስ ጸሎት ጨምርበት» አሉኝ።

እብጠቱ ጎድሏል። በበረዶው ይሁን በባናው፣ እያንዳንዱ ወገን ለራሱ ቆጥሮታል። በነዚህ 23 ቀናት እግሬን ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሁሉ ያችን ድንጋይዋ የወለቀ ጉድጓድ ተራምዶ ነው የገባው። ድንጋይዋ እዚያው አጥሩ ሥር ተቀምጣለች። አንሥቶ ቦታዋ የመለሳት የለም፤ እኔንም ጨምሮ።