ሕዝብ ይሸጣል፣ ዋጋ በድርድር

የዘመኑ ነጋዴ ሱቅ ከፍቶ ደንበኛ ሲጠብቅ አይውልም፤ ያ የአባቶቻችን ልፋት ነው። ዛሬ ደንበኛው ራሱ ተሰብስቦ፣ ተቆጥሮ ለገበያ ይቀርባል። «60 ሺህ ሰብስክራይበር ያለው የቴሌግራም ቻናል፣ ዋጋ በድርድር፣ ቁርጠኛ ገዢ ብቻ በውስጥ መስመር» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ተራ ድለላ እንዳይመስላችሁ፤ ግዙፎቹ ኩባንያዎች «አኩዊዚሽን» የሚሉት ይኸው ነው። ገዢውም ከዚያች ቀን ጀምሮ ነጋዴ ሳይሆን ኢንተርፕረነር ይባልልን።

ርክክቡ ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቴሌግራም ባለቤትነት የሚያስተላልፈው ሻጩ ሁለተኛውን የይለፍ ቃል ካበራ ቢያንስ 7 ቀን ሲሞላው ነው። እስከዚያ ገዢ ቀብዱን ከፍሎ በደላላው አምላክ ተማምኖ ይቆያል። ከዚያ ስም ይቀየራል፣ ፎቶ ይለወጣል፤ ማታ መዝሙር ሲለቀቅበት የነበረው ቻናል ጠዋት የፎሬክስ «ሲግናል» ማከፋፈያ ሆኖ ይነሳል። መዝሙር እየሰሙ እንቅልፍ የወሰዳቸው እናት ዓይናቸውን ሲገልጡ «ወርቅ አሁኑኑ ግዙ!» የሚል ትእዛዝ ይጠብቃቸዋል። እሳቸው ደግሞ የነበረቻቸውን ሐብል ለልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ሸጠዋታል።

ምቀኛ ግን አይጠፋም። ከመልእክቶቹ መካከል የቻናሉ ስም መቀየሩን የምትናገር አንዲት መስመር ተሸጉጣ ትቀራለች። ፌስቡክማ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የፔጁን የቀድሞ ስሞች ለጠየቀው ሁሉ ያሳያል። ከሁሉ የከፋችው ደግሞ ከፖስቱ ግርጌ ያለችው የዓይን ምልክት ናት፤ ከ60 ሺህ ሕዝብ 700 ሰው አይቶታል ትላለች። የቀሩት ወይ ድምፁን ዘግተው ረስተውታል፣ ወይ ድሮም ሰው አልነበሩም። ባለራዕያችን ግን እጅ አይሰጥም። ሁለተኛ ቻናል ገዝቶ አንዱን በሌላው ያስተዋውቃል፤ ሁለት ወና ቤቶች ቡና ይጠራራሉ። በመጨረሻ «ኦንላይን ቢዝነስን በአጭር ጊዜ ማሳደግ» የሚል ሥልጠና ይከፍታል። ያተረፈበት የመጀመሪያው ምርት ይህ ነው።

በዚህ የእኛ ሰው ብቻውን አይታማ። ያሁ በ1999 (እ.ኤ.አ.) ሰዎች የግል ድረ ገጽ የሚከፍቱበትን ጂኦሲቲስን በ3.6 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ ከአሥር ዓመት በኋላ ዘጋው። በ2013 የብሎግ መድረኩን ተምብለርን በ1.1 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛም ዋና ሥራ አስፈጻሚዋ ማሪሳ ሜየር እንደማያበላሹት በአደባባይ ቃል ገቡ። መቼም ዕቃ የገዛ ሰው «አልሰብረውም» ብሎ ሲምል ጎረቤት ይጠረጥራል! በ2017 ያሁ ራሱ ለስልክ ኩባንያው ቬራይዞን ተሸጠ፤ በ2019 ቬራይዞን ተምብለርን ሲሸጠው፣ በወቅቱ እንደ ተዘገበው፣ ዋጋው 3 ሚሊዮን ዶላር እንኳ አልሞላም። ልዩነቱን «የዕድገት ወጪ» ብለን እንመዝግበው።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። በዚህ ሁሉ ሽያጭ ደላላው ኮሚሽኑን ይወስዳል፣ ሻጩ ገንዘቡን ይቆጥራል፣ የተሸጥነው እኛ ግን የሻይ እንኳ አልደረሰንም። እንግዲህ አንባቢዬ፣ ገብተህበት በማታውቀው ቻናል ውስጥ ራስህን ካገኘህ ተሽጠሃልና «ሊቭ» በል። ዋጋው የሚተመነው በራስ ቁጥር ነው፤ አንድ ሰው በወጣ ቁጥር ይቀንሳል።