ዳር ለመሃል ከተማ የሚሰጠውን የልማት ማበረታቻ ለመወሰን የወጣ አዋጅ

መግቢያ

ያረጀውን መሃል ከተማ አፍርሶ በመስታወት ፎቅ መተካት ከፍተኛ ወጪ የሚጠይቅ በመሆኑ፤ ባለሀብቱም ያለ ማበረታቻ፣ ማለትም ከተማው ሊሰበስበው ሲገባ የሚተውለት ገንዘብ ሳይኖር፣ ወደ መሃል እግሩን የማያነሳ መሆኑ የታወቀ በመሆኑ፤ ከማበረታቻዎች ሁሉ ትልቁን፣ ይኸውም ውኃውን፣ የፍሳሹን መውረጃና የተነሺውን ማረፊያ ያለ ደረሰኝ ሲያቀርብ የኖረው የአዲስ አበባው ዳር፣ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ሆኖ ሳለ በአንድም የሪባን ቆረጣ ላይ ስሙ ያልተጠራ በመሆኑ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የዳር ቸርነት አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ቁጥር ያልተሰጠው ወረፋ በመጠበቅ ላይ ስለሆነ ነው።

አንቀጽ 2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

«ሊዝ» ማለት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የማይሸጥበት፣ የመጠቀም መብቱ ግን በጨረታ ወይም በምደባ ለተወሰነ ዘመን የሚተላለፍበት ሥርዓት ነው። በ2004 የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ይህን ዘመን በአዲስ አበባ ለንግድ ቦታ 60 ዓመት፣ ለመኖሪያ 99 ዓመት አድርጎ የወሰነ ሲሆን፣ ተጫራቹ ከጠቅላላ ዋጋው ቢያንስ 10 በመቶውን አስቀድሞ ከከፈለ የቀረውን በየዓመቱ እየከፋፈለ እንዲያጠናቅቅ ፈቅዶለታል። በ2007 በመርካቶ ለአንድ ካሬ ሜትር 305,000 ብር የቀረበ መሆኑ ይታወሳል፤ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ረከቦቱና ምድጃው እንደምንም የሚያርፉ ሲሆን፣ ቡና የምታፈላው ሴት ግን ከይዞታው ውጭ እንደምትቀመጥ በልኬት ተረጋግጧል።

«የእፎይታ ጊዜ» ማለት ባለሀብቱ ቦታውን ተረክቦ ዓመታዊ የሊዝ ክፍያ የማይጠየቅበት ጊዜ ሲሆን፣ ቦታውን በቆርቆሮ አጥሮ ዘበኛ ያቆመበትን ጊዜ ይጨምራል።

«ዳር» ማለት መሃል የሚጠጣው የሚወጣበት፣ መሃል ያጠበው የሚወርድበትና መሃል ያልፈለገው የሚሰፍርበት አካባቢ ነው።

አንቀጽ 3. የሌላው ዓለም ተሞክሮ

የተሞክሮ ልውውጥ ያልተደረገበት ሕግ በሕግነቱ የሚያጠራጥር ስለሆነ፣ የአሜሪካዋ የካሊፎርኒያ ግዛት ልምድ ተቃኝቷል። ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. በ1952 በፈቀደችው አሠራር መሠረት፣ ለእድሳት ከተከለለ ሰፈር የንብረት ግብር ለትምህርት ቤቶችና ለሌሎች አገልግሎቶች የሚደርሰው ድርሻ በነበረበት መጠን ላይ እንዲረጋ ይደረግና፣ ሰፈሩ ሲለማ የሚመጣው ጭማሪ ለእነሱ ከመከፋፈል ይልቅ ተመልሶ ለዚያው ሰፈር እድሳት ይውል ነበር። ከ60 ዓመት በኋላ ግዛቲቱ ካዝናዋ ሲራቆት 400 ያህል የእድሳት ድርጅቶቿን በአንድ ጊዜ ዘጋች፤ ይህም የሆነው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2004፣ አዋጅ ቁጥር 721 በወጣበት በዚያው ዓመት ነው። አዲስ አበባ ግን ግብር ሰብሳቢም መሬት አከራይም ራሷ ስለሆነች፣ ማበረታቻ ስትሰጥ ከግብሩም ከኪራዩም የምትለቅ ሲሆን፣ የለቀቀችው በማን ጉድለት እንደተሞላ የሚያሳይ የሒሳብ መደብ በበጀት ሰነዷ ውስጥ አልተከፈተም። ይህ አዋጅ ያን መደብ ይከፍታል።

አንቀጽ 4. በዓይነት የሚሰጡ ማበረታቻዎች

ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች የሚወጣው ውኃ፣ ጉድጓዶቹ ከመሃል ከተማው ዝቅ ብለው ስለሚገኙ፣ በፓምፕ እየተገፋ ሽቅብ ይላካል። ከመሃል የሚወርደው ፍሳሽ ደግሞ፣ የመሬት ስበት ማሻሻያ አዋጅ የማያስፈልገው ሕግ ስለሆነ፣ በቀን እስከ 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ወደተሠራው የቃሊቲ ማጣሪያ በራሱ ጊዜ ይመጣል። ንጹሑ በመብራት ኃይል ወደ ላይ፣ ጉድፉ በነጻ ወደ ታች የሚጓዝ በመሆኑ፣ የመሃል ባለ ፎቅ የመጸዳጃውን ውኃ በለቀቀ ቁጥር ከዳር ሁለት ድጎማ እንደተቀበለ ይቆጠራል፤ ለእያንዳንዱም የምስጋና ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ይጽፋል። የአቃቂን ወንዝ ቀለም የሚመለከተው ንዑስ አንቀጽ፣ ቀለሙ ከረቂቁ ወደ ረቂቁ ስለተለዋወጠ፣ ለጊዜው ተዘሏል።

አንቀጽ 5. ስለ ተነሺዎች

የኮሪደር ልማት፣ ማለትም ዋና ዋና መንገዶችን ተከትሎ የሕንጻውን ገጽታ፣ የእግረኛውን መንገድ፣ መብራቱንና አረንጓዴውን ቦታ በአንድ ላይ የሚለውጠው ሥራ፣ በ2017 መጀመሪያ መሃል ከተማ ካዛንችስ በደረሰ ጊዜ ከነዋሪው ብዙ ሰው በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ወደሚገኘው ገላን ጉራ ተዛውሯል። አቃቂ ቃሊቲ እንግዳ ተቀባይ መሆኑን ያረጋግጣል፤ የተሰጠው ቤት ከቀድሞው የቀበሌ ቤት የተሻለ ግድግዳና የራሱ መጸዳጃ ሊኖረው እንደሚችልም አይክድም። ይሁን እንጂ ግድግዳው ሲዛወር ደንበኛው አልተዛወረም። ካዛንችስ ከአንድ መሥሪያ ቤት በር አጠገብ ቡና ታፈላ የነበረች ሴት ጀበናዋን፣ ሲኒዎቿንና ዱቤ የመዘገበችበትን ደብተር ይዛ መጥታለች፤ ባለዕዳዎቹ ግን ዛሬም ከዚያው መሥሪያ ቤት ነው የሚወጡት። ስለዚህ ባለሀብቱ በሊዝ ካገኘው ቅናሽ ላይ የደብተሩን ድምር በቅድሚያ ይከፍላል፤ ስኳር የበዛበት ሲኒ በተለየ ሁኔታ አይታይም።

በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳ እንደሚከፈል መደንገጉ ተገቢና የሚመሰገን ነው። ትስስሩ ማለት በተግባር ዕድሩ ስለሆነ፣ የዕድሩ ድንኳንና ብረት ድስት በአንድ ወገን፣ አባሉ በሌላ ወገን ሲቀሩ የሚከተለው ሥርዓት ይፈጸማል፦ የዕድሩ ጡሩምባ ከካዛንችስ እስከ ገላን የሚሰማ መሆኑ በሚመለከተው አካል ይፈተሻል፤ ካልተሰማ አባላት የሚሞቱበትን ቀን ከሦስት የሥራ ቀናት በፊት በጽሑፍ ያሳውቃሉ። ለቅሶ ደራሽ ከመስከረም 2008 ጀምሮ እስከ ቃሊቲ በሚመጣው ቀላል ባቡር ሊጠቀም የሚችል ሲሆን፣ ከቃሊቲ ወዲያ ያለውን መንገድ በእንባው መጠን ይሸፍናል።

አንቀጽ 6. የመሃል ግዴታ

ማበረታቻ የተሰጠው ማንኛውም ፎቅ በመግቢያው ላይ፣ ከባለቤቱ ስም ከፍ ብሎ፣ ስንት ቤተሰብ ከቦታው ተነስቶ የት እንደገባ በሚነበብ ፊደል ይጽፋል። በተወሰነለት ጊዜ ሳይገነባ ቦታውን አጥሮ የተቀመጠ ባለሀብት፣ አጥሩ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ቀድሞ በዚያ ይኖሩ የነበሩት ሰዎች ቅዳሜና እሑድ ገብተው ዕቁባቸውን እንዲጥሉ ይፈቅዳል።

አንቀጽ 7. የተሻሩና ተፈጻሚነት የሌላቸው ሕጎች

«ከሸገር ውጪ»፣ ማለትም ከአዲስ አበባ ውጪ፣ የሚለው የታክሲ ረዳት አባባል በአቃቂ ቃሊቲ ላይ ተፈጻሚነት አይኖረውም።

አንቀጽ 8. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በዳር ላይ የሚጥለው ግዴታ የመጀመሪያው የአቃቂ ጉድጓድ ከተቆፈረበት ቀን ጀምሮ ወደኋላ ተመልሶ የጸና ይሆናል። በመሃል ላይ የሚጥለው ግዴታ ደግሞ የእፎይታ ጊዜው እንዳለቀ ሥራ ላይ የሚውል ሲሆን፣ የእፎይታ ጊዜው 60 ዓመት ነው፤ ሊታደስም ይችላል።