ብርድ ሽሽት

አጎቴ ዘንድሮም ብርዱን አርባ ምንጭ አሳለፉት። የአገራቸውን የአዘናን የታኅሣሥ ጠዋት የሚያውቅ አይፈርድባቸውም። ጉልበታቸውን ቁርጥማት ከያዛቸው ወዲህ ኅዳር ሲገባ ልጃቸው ዘንድ ወርደው ፀሐይ ሲሞቁ ይሰነብታሉ። የካናዳ ጡረተኞችም በረዶ ሲጥል ፍሎሪዳ እንደሚወርዱ ብነግራቸው፣ «እኛን አይተው ነዋ!» አሉኝ።

የሚመልሳቸው ጥር 23 ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ በየዓመቱ በዚያች ቀን እንጅባራ ላይ ፈረሰኛው ሲጋልብ አጎቴ ካልታዩ ሞቱ ተብሎ ይለቀሳል። «ለቅሶውስ ባልከፋ፤ ፈረሴን ማን እንደሚጋልበው ነው የማላውቀው» ይላሉ።

አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ተቀበልኳቸውና ተሳፈርን። ከጎሃ ጽዮን ጫፍ እስከ ዓባይ ወንዝ ቁልቁለቱ 1,500 ሜትር ገደማ ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። በረሃው ሆድ ውስጥ ስንገባ ያልተወለቀ ኮትና ሹራብ አልነበረም። አጎቴ ግን ሁለት ጋቢያቸውን እንደደረቡ ናቸው።

«ጋሼ፣ አንዱን እንኳ ያውልቁት።»

«ደጀን ላይ መልሼ ለምለብሰው ምን አለፋኝ?»

በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀውን ድልድይ ተሻግረን ዳገቱን እንደጀመርን ሞተሩ ጋለና ቆምን። ረዳቱ ቢጫ ጀሪካን ይዞ ወረደ። ተሳፋሪው አንዲት ግራር ሥር ለጥላ ሲሻማ፣ አጎቴ ፀሐዩ ላይ ድንጋይ መርጠው ተቀመጡና ጉልበታቸውን ገልጠው እንደ በርበሬ አሰጡት።

«እኔ እምልህ፣ ይሄ እዚህ እያለ አርባ ምንጭ ድረስ ምን ወሰደኝ?»

እውነታቸውን ነው። ፈረንጅ ሙቀት ፍለጋ ወደ ደቡብ ይሄዳል፤ እኛ አገር ግን ዝቅ ማለት ይበቃል። አርባ ምንጭ ራሷ የሞቀችው ደቡብ ስለሆነች አይደለም፤ ከአናቷ ላይ ያለችው ጨንቻም ደቡብ ናት፣ ግን ጋቢ ታስለብሳለች። ይህን ሳስረዳቸው አንድ ትልቅ ወንድ ዝንጀሮ መጥቶ ፊት ለፊታችን ቁጭ አለ። ለአዘና ጎረቤት ሁሉ የተመደበውን ሙዝ የያዘውን ማዳበሪያ አየ፤ አጎቴን አየ፤ እንደገና ማዳበሪያውን አየ። አጎቴ እንግዳ አክባሪ ናቸውና አንድ ሙዝ ወረወሩለት። እሷን በአፉ ያዘና፣ በሁለት እጁ ማዳበሪያውን አራግፎ ዘለላውን እንዳለ አቅፎ ገደሉን ወረደ።

እኔ ድንጋይ ፍለጋ ስራወጥ አጎቴ ከተቀመጡበት አልተነሡም። «ተወው፣ ኬላ ባለበት ቀረጥ አለ» አሉ።

ደጀን ስንደርስ ጨልሞ ነበር። ንፋሱ በመስኮቱ ስንጥቅ ገብቶ አጥንቴን ሲነካኝ፣ ሹራቤን ከነሻንጣው አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ማስጫኔ ትዝ አለኝ። ቀስ ብዬ፣ «ጋሼ፣ አንዱን ጋቢ ቢያውሱኝ?» አልኳቸው።

አጎቴ ጋቢዎቻቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ።

«ዝንጀሮው ማዳበሪያውን ትቶልሃል፤ እሱን ደርብ።»