የክሌር ሽርሽርና ጣጣው

ሰመር በመጣ ቁጥር በምዕራብ አየርላንድ ለምንኖር ሀበሾች የማይቀር ዕዳ አለ፤ ከለንደን ወይም ከዋሽንግተን የመጣ ዘመድ ይዞ ወደ ክሌር መውጣትና የሞኸርን ገደሎች ማሳየት። ዘመድ ደግሞ ፎቶውን ቀድሞ አይቶታል፤ ጥርት ያለ ሰማይ፣ አረንጓዴ ሣር፣ ከሥር ነጭ ማዕበል። ፎቶ አንሺው ያንን ሰማይ ስንት ቀን ቆሞ እንደጠበቀው የነገረው የለም። ሰማዩ ሳይጠራ ከቀረ ተጠያቂው አስጎብኚው ነው።

ትኬቱ ራሱ ጣጣ ነው። አስቀድሞ በኢንተርኔት የቆረጠ ይረክስለታል፤ ቀኑንና ሰዓቱን ግን መምረጥ አለበት። በአትላንቲክ ዳር የመጪውን ሐሙስ ከሰዓት ዛሬ ማን ያውቃል? የስልኩ ትንበያ ጠዋት ፀሐይ፣ ቀትር ላይ ደመና፣ ደርሰን መኪና ስናቆም ዶፍ ይላል። እዚያው አቅራቢያ የላሂንች ጎልፍ ክለብ የተሻለ ዘዴ አለው፤ ፍየሎች። ወደ ክለቡ ቤት ከተጠጉ ዝናብ ነው፣ ወደ አሸዋው ጉብታ ከራቁ ብራ ነው። የክለቡ የአየር መለኪያ በተበላሸ ጊዜም «ፍየሎቹን እዩ» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈበት። ምን ያደርጋል፣ ፍየሎቹ የሚያውቁት ስለ ዛሬ ነው፤ እኛ ትኬት የቆረጥነው ባለፈው ሳምንት ነው።

ጉሙ ሲወርድ ደግሞ አያድርስ ነው። 214 ሜትር የሚደርስ ገደል ከፊት ቆሞ ዓይን የሚያየው ነጭ ነገር ብቻ። ከአሜሪካ ድረስ የመጡ አክስት አጥሩን ይዘው፣ «ልጄ፣ ታዲያ ገደሉ የቱ ጋ ነው?» ይላሉ። «እዚሁ ነው አክስቴ፣ ብቻ አይጠጉ» ከማለት ሌላ ምን ይባላል? ኮርኔሊየስ ኦብራየን የተባለው ባለርስት በ1835 ያሠራው ግንብ እንኳ አጠገቡ ካልደረሱ አይታይም። የመታሰቢያ ዕቃ መሸጫው ግን ጉም ነክቶት አያውቅም። ለገደሉ ተብሎ ከቤት የወጣው ገንዘብ በሱፍ ኮፍያና በበግ ሥዕል ላይ ይውላል።

ቢጠራም እኮ ብቻችንን አይደለንም። በደህና ዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው የሚረግጠው ቦታ ነው። በማለዳ ከደብሊን የተነሡት አስጎብኚ አውቶቡሶች ቀትር ገደማ ተከታትለው ይገቡና ሰልፉ ከመጸዳጃ ቤቱ ይጀምራል። ተሳፋሪው የተሰጠው ጊዜ አጭር ስለሆነ ይሮጣል፣ ይገፋል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይሄዳል። በሱ አይፈረድም፤ ከዚህ በኋላ ያንኑ መንገድ ወደ ደብሊን መመለስ አለበት።

መንገድ ካልን አይቀር፣ የክሌር የገጠር መንገድ መሐሉ ላይ ሣር አብቅሎ፣ ግራና ቀኙ የድንጋይ ካብ ሆኖ፣ ለዓመታት 80 የሚል ሰሌዳ ቆሞበት ኖሯል። በፌብሩዋሪ 2025 መንግሥት የእነዚህን መንገዶች ፍጥነት ወደ 60 ባወረደ ጊዜ ሳቅን። ትራክተር ከፊት ሲመጣ እስከ ቅርቡ የእርሻ በር ድረስ ወደ ኋላ ለሚነዳ ሰው 60 ምኑ ነው?

መኪና የሌለውማ ብቻውን ያልቅስ። የዛሬው ባቡር በኤኒስ ከተማ አልፎ ወደ ጎልዌይ ይሄዳል እንጂ ወደ ባሕሩ አይወርድም። ድሮ ግን ከኤኒስ ተነሥቶ በላሂንችና በሚልታውን ማልቤይ አድርጎ ኪልራሽና ኪልኪ የሚገባ የጠባብ ሐዲድ ባቡር ነበር። በ1896 ፐርሲ ፍሬንች የተባለ ቀልደኛ ዘፋኝ ኪልኪ ላይ ዝግጅት ነበረው፤ ባቡሩ መንገድ ላይ ተበላሽቶ አስረፈደው። ሰውየው እንደኛ ቤቱ ገብቶ አላጉረመረመም፤ ከሰሰ። 10 ፓውንድ ካሳ ተፈረደለት። በዚያ ላይ በባቡሩ የሚያላግጥ ዘፈን አወጣ። ኩባንያው ይግባኝ ሲል ፍሬንች ችሎት አርፍዶ ገባ፣ ምክንያቱን ቢጠየቅ «በዚያው ባቡር ስለመጣሁ ነው» አለ ይባላል። መስመሩ በ1961 ተዘጋ። እኛ አሁን የምንከሰው ባቡር እንኳ የለንም። አውቶቡስ አለ፤ አንዱ ካመለጠ ቀኑም አብሮት ያመልጣል።

ቡረን የሚባለው የኖራ ድንጋይ አገር ይሻላል እንላለን። ፑልናብሮን የተሰኘው፣ ከ5,000 ዓመት በላይ የቆየው የድንጋይ መቃብር ያለ ክፍያ ይታያል። እዚያ የሚያበግነን ጎብኚው ራሱ ነው፤ ሁለት ድንጋይ አቁሞ ሦስተኛውን ከላይ እየጫነ የራሱን ትንሽ መቃብር ይሠራል። ድንጋዩ የሚነቀለው ብርቅ ዕፅዋት ከሚበቅሉበት ስንጥቅ ነው። ተዉ ቢባሉም አልተዉም፤ የኛም ዘመድ «አንድ ለመታሰቢያ» ብሎ ያጎነብሳል። አበባውን ለማየት መጥተን ነበር ካልን ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። የቡረን ገበሬ ከብቱን ወደ ኮረብታው የሚያወጣው በብርዱ ወራት ነው፤ ከብቱ የደረቀውን ሣር ግጦ ሲወርድ ጄንሺያን የምትባለው ደማቅ ሰማያዊ አበባ ወጥታ በሜይ ታምራለች። ትምህርት ቤት የሚዘጋው በጁላይና በኦገስት ነው። ልጆቻችን የሚያዩት ድንጋዩን ነው።

ዘነበ እንበል፤ ዋሻ አለ፣ አይልዊ። ጣራው ከሰማይ ያስጥላል። ይኸው ሐሳብ ግን ለክሌር ጎብኚ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመጣለታል።

ምግቡ ይቅር ቢባል ደስ ባለኝ፤ ግን ፍልሰታ በኦገስት ነው። አክስት ይጾማሉ። ባሕር ዳር ያለ ምግብ ቤት ሁሉ የሚኮራበት ቻውደር የሚሉት የዓሣ ሾርባ አለ። ዓሣው ያከራክራል፤ ክሬሙ ግን አያከራክርም። የአትክልት ሾርባ ይሁን ስንል አስተናጋጇ በደግ ፊት «ትንሽ ክሬም ብቻ ነው ያለው» ትላለች። ቡናማው ዳቦ በቅቤ ተቀብቶ ይመጣል። በመጨረሻ ሁላችንም መኪና ውስጥ፣ መስኮቱ በትንፋሽ ደብዝዞ፣ ከቤት የመጣውን ሽሮ በቀዝቃዛ እንጀራ እንበላለን።

ስለዚህ ዘመዶች፣ እባካችሁ በሜይ ኑ። ቀን ቆርጣችሁ ሳይሆን ሳምንት ይዛችሁ ኑ። ካፖርት አምጡ፤ ጃንጥላ ግን አታምጡ፣ ነፋሱ ይሰብረዋል። ትኬቱንም እናንተው ቁረጡት።