ወርዱ 6 ሜትር

አሊዩ አምባ ላይ ቤት ለመሥራት የተነሳ ሰው ሁሉ ብሶቱ አንድ ነው፤ ቦታ ጠበበ። ከተማችን የተቀመጠችው ከአንኮበር በታች፣ ግራና ቀኙ ቁልቁለት በሆነ ኮረብታ ጀርባ ላይ ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሐረር፣ የአርጎባና የአፋር ነጋዴ ጨውና ቡናውን ጭኖ ሲሰፍርባትም ሜዳዋ ይኸው ነበር።

ያለውን ደግሞ ውርስ ይሰነጥቀዋል። አባት ሲያልፍ ልጆች ግቢውን የሚካፈሉት በቁመቱ ነው፤ ሁሉም መንገድ ፊት ሱቅ መክፈቻ ይፈልጋል። አይፈረድባቸውም፤ ወንድሙን ጓሮ አስቀርቶ መንገዱን ለብቻው የሚይዝ ማን አለ? እንዲህ እየሆነ 24 ሜትር መንገድ ይዞ የነበረ ግቢ ለአራት ሲከፈል ለአንዱ 6 ሜትር ይደርሰዋል፤ ወደ ኋላ ግን ይረዝማል። በዚህ ላይ ነው እንግዲህ ፕላን የሚወጣው።

ፕላኑም የሚወጣው ለሰፊ ሜዳ ከተሳለ ቪላ ተቆንጥሮ ነው። ሳሎን ከፊት፣ ኮሪደር በመሀል፣ መኝታ ከጎን። እስቲ እናስላው። ወደ ጓሮው ሽንት ቤትና ማድ ቤት መሄጃ 1.20 ሜትር ይተዋል፤ 4.80 ቀረ። የግራና የቀኝ የብሎኬት ግድግዳ ከነልስኑ 50 ሳንቲ ሜትር ይበላል፤ 4.30። ኮሪደሩ 1.10፣ የመሀሉ ግድግዳ 20 ሳንቲ፤ ለመኝታው 3 ሜትር ወርድ ተረፈ። አልጋው 2 ሜትር ገደማ፣ ቁምሳጥኑ 60 ሳንቲ። ሰው የሚያልፍበት 40 ሳንቲ ነው። አራስ የምትተኛው፣ የታመመ አባት ተደግፎ የሚነሳው እዚህ ውስጥ ነው።

የሚያንገበግበኝ መተላለፊያውን ሁለት ጊዜ መክፈላችን ነው፤ አንዱን ከውጭ፣ አንዱን ከውስጥ። የመኝታዎቹ በር በቀጥታ ወደ ውጭው መተላለፊያ ቢከፈት ኮሪደሩ ይቀራል፣ ክፍሉም 4.30 ይሆናል። ይህን ስንል «የድሮ ቤት ይመስላል» እንባላለን።

የመሀል ክፍሎች ነገርማ አይነሳ። በድንበሩ ላይ ግድግዳ አቁሞ ወደ ጎረቤት መስኮት መክፈት ሕጉም ባህሉም አይፈቅድም። ስለዚህ የመሀሉ መኝታ በቀትር አምፖል ይበራበታል፤ መብራት ሲጠፋ በር ተከፍቶ ይዋላል። የአገራችን የይፋት ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያግለው ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ከመሀል ሁለት ሜትር ያህል ሰማይ የሚታይበት ክፍት ቦታ ቢተው ግን ሁለት ክፍል ብርሃን ያገኝ ነበር። ያን ሁለት ሜትር ሳሎኑ ይወስደዋል። ለዓመት አንድ ቀን እንግዳ ተብሎ ቤተሰቡ ዓመቱን ሙሉ ይታፈናል።

ጠባብ ቦታ በእኛ አልተጀመረም። በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሐረር ጀጎል ቤቶቹ ተጠጋግተው በግንብ የተከበቡ ናቸው፤ በሮቹ ግን ወደ ግቢ ይከፈታሉ፣ ብርሃኑም ከግቢው ይገባል። ውስጡ በደረጃ ከፍ ዝቅ ብሎ የተሠራው መደብ፣ ነደባ የሚሉት፣ መቀመጫም መኝታም ስለሆነ ወለሉ በሶፋ አይጣበብም። ወሎ ውስጥ ያሉት የሾንኬ አርጎቦች ደግሞ የድንጋይ ቤታቸውን በተራራ አናት ላይ አጠጋግተው ደርድረዋል። የእነዚሁ ሰዎች ወገን ለነገደባት ከተማ ከዚህ መማር ያን ያህል ሩቅ አልነበረም።

ፕላን የምታወጡልን ወንድሞችና እህቶች፣ በስልክ የተላከላችሁን የካርታ ፎቶ አይታችሁ ብቻ አትሳሉልን፤ ኑና ቁልቁለቱን እዩት። ወረቀቱ ላይ ሜዳ የመሰለው ቦታ መሠረት ሲወጣ የሰው ቁመት ያህል ግንብ ይጠይቃል፤ ለጣሪያ የተቀመጠው ብር መሬት ውስጥ ያልቃል። እናንተም ወራሾች፣ ስትካፈሉ መተላለፊያውን በሁለት ወንድማማች መሀል የጋራ አድርጉት፤ በየካርታችሁም ይጻፍ። ለእያንዳንዳችሁ 60 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል።